የዲጄው አልበም የማን ነው?

(ባሕር ዳር ላይ ለወጣት ዲጄዎች፣ ራፐሮችና አቀናባሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ፣ ከፍኖተ ሰላም ድረስ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። የመጣችሁበትን መንገድ አውቀዋለሁና ምስጋናዬ የአፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ዓይነት አልበም ነው። ሽፋኑ ላይ የዲጄ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከፍታችሁ ስትሰሙት ግን ዲጄው አንዲት ቃል አይተነፍስም። አንዱ ትራክ ላይ ሁለት ራፐሮች ይቀባበላሉ፣ ሌላው ላይ አራት ይሰለፋሉ፣ ቀጥሎ አንዲት ዘፋኝ ትገባለች፤ የባለቤቱ ድምፅ የለም። እንዲህ ያለ አልበም ወጣ ሲባል እኛ ጋ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ እሱ ምን ሠራ?» የሚል ነው። እዚሁ ከተማ ውስጥ ከሙዚቀኛም፣ ከጋዜጠኛም፣ ልጁ ዲጄ ከሆነበት አባትም ሰምቼዋለሁ።

ጥያቄው ከየት እንደሚነሣ ይገባኛል። በእኛ ልማድ አልበም የዘፋኝ ነው። ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ከጀርባ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ ፊት ለፊት ያለው ፎቶ የዘፋኙ ነው። ኤልያስ መልካን የሚያክል አቀናባሪ፣ የአንድን ትውልድ ጆሮ የቀረጸ ሰው፣ አብዛኛው አድማጭ ሥራውን የሰማው በሌሎች ስም በወጡ አልበሞች ነው። ስለዚህ ድምፁን የማያሰማ ሰው ስሙን ፊት ላይ ሲያወጣ ድፍረት ይመስላል። እኔ ግን አልበሙ የዲጄው ነው ብዬ እሟገታለሁ፤ ግማሹ ሳይሆን ሙሉው። ጥብቅና የቆምኩትም ለኒው ዮርክ ዲጄዎች አይደለም፤ እነሱ ጠበቃ አላጡም። የቆምኩት እዚህ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ የደረደረውን ቢት (ራፐር የሚናገርበትን ሙዚቃ) አንድ በአንድ በርካሽ እየሸጠ፣ ዘፈኑ ሲወጣ ስሙን ለሚያጣው ልጅ ነው።

ከመነሻው ልጀምር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973፣ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ትምህርት ሲከፈት ለምትለብሰው ልብስ ገንዘብ ለማግኘት በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ መግቢያ የሚከፈልበት ጭፈራ አዘጋጀች። ሙዚቃ እንዲያጫውት የያዘችው ወንድሟን ክላይቭን ነበር። ክላይቭ ኪንግስተን፣ ጃማይካ የተወለደ ልጅ ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ዲጄ ኩል ኸርክ በሚለው ስሙ ነው። ኸርክ የጨፋሪውን እግር ያያል። ዘፈኑ ሲዘፈን ዳር ቆመው የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ዘፋኙ ዝም ብሎ ድራሙና ቤዙ ብቻቸውን የሚቀሩባት ቦታ ስትመጣ መሐል ይገባሉ። ያቺ ቦታ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ናት፤ ሳይጠግቡ ታልፋለች። ኸርክ የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀምጦ፣ በዚህኛው ስታልቅ በዚያኛው ከመነሻዋ እያስጀመረ፣ ሰከንዷን ደቂቃ አደረጋት። የሂፕ ሆፕ መሠረት ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው።

ማይክራፎኑን የያዘው ኮክ ላ ሮክ የሚባል ጓደኛው ነበር። የጓደኞቹን ስም ይጠራል፣ ጨፋሪውን ያሟሙቃል፣ ዲጄውን ያወድሳል። ንግግሩ እየረዘመ፣ ቤት እየመታ፣ ፉክክር እየሆነ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከመጀመሪያው ራፐሩ የዲጄው እንግዳ ነበር። ዲጄው የጠራው፣ ዲጄው ማይክ የሰጠው፣ ዲጄው ሙዚቃውን ሲያቆም የሚያቆም ሰው። ዛሬ ዲጄ በራሱ አልበም ላይ ራፐሮችን ሲጋብዝ አዲስ ነገር አላመጣም፤ ሙዚቃው ወደተወለደበት ሥርዓት መመለሱ ነው።

በዚያው ብሮንክስ ግራንድማስተር ፍላሽ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ልጅ ነበርና ሸክላው ላይ በቀለም ምልክት እያደረገ፣ መርፌው የሚያርፍበትን ቦታ በዓይኑ እያነበበ የኸርክን ሥራ ወደ ሰከንድ ክፋይ አወረደው። ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር ደግሞ ገና ልጅ ሳለ ሸክላውን በእጁ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ የሚወጣውን ድምፅ ሙዚቃ አድርጎ ሰማው። ስክራች የምንለው ያ ነው። እነዚህ ሦስቱ አንዳቸውም በዘፈን አልታወቁም።

ዲጄው ከፊት ወደ ኋላ የተገፋው ሙዚቃው ስቱዲዮ ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሹገርሂል ጋንግ ያወጡት «ራፐርስ ዲላይት» ራፕን ለዓለም አሰማ። ከሥሩ ያለው ሙዚቃ ሺክ የተባለው ባንድ የሠራው ነበር፤ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች እንደገና ተጫውተውት ተቀዳ። ዲጄ አላስፈለገም። ከ3 ዓመት በኋላ «ዘ ሜሴጅ» ወጣ። ሸክላው ላይ የግራንድማስተር ፍላሽ ስም ከሁሉ ቀድሞ ተጽፏል፤ ቀረጻው ውስጥ ግን የፍላሽ እጅ የለበትም። ስሙ ሸክላው ላይ ቀረ፣ እሱ ውጭ ቀረ። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ሁሌም የሚያመኝ ነገር አለ፤ ምክንያቱም ፍላሽ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1981፣ በሦስት ማጫወቻ ብቻ የሌሎችን ዘፈኖች እየቆረጠና እየገጠመ 7 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ሥራ ቀርጾ ዲጄ ብቻውን ምን ማለት እንደሚችል አሳይቶ ነበር።

ዲጄውን ወደ ፊት የመለሰው ማሽን ነው፤ ሳምፕለር፣ ከሌላ ቀረጻ ድምፅ ቀድቶ እንደተፈለገ መልሶ የሚያጫውት። የኒው ዮርኩ፣ የኩዊንሱ ቢት ሠሪ ማርሊ ማርል ከአንድ ሸክላ ላይ የሰው ድምፅ ሊቀዳ ሲል የስኔር (የቀጭኗ፣ ጮኽ የምትለዋ ከበሮ) ምት አብራ ገባችበት። ሌላ ሰው ቢሆን አጥፍቶ እንደገና ይሞክር ነበር። ማርሊ ማርል ግን ያቺን ምት ከራሱ ድራም ጋር ሲመታት የገዛ የድራም ማሽኑ ሊያወጣው ከሚችለው በላይ የከበደች ሆና አገኛት። ከዚያ በኋላ ኪክንና (በእግር የሚመታውን ወፍራም ከበሮ) ስኔርን ከአሮጌ ሸክላ አንድ በአንድ እየለቀሙ አዲስ ምት መሥራት የሂፕ ሆፕ ዋና ሙያ ሆነ። በ1987 የወጣው ኤስፒ 1200 የተባለው ማሽን በጠቅላላው የሚይዘው 10 ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ቢት ሠሪዎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? በ33 ዙር የሚጫወተውን ሸክላ በ45 እያስሮጡ ይቀዱና፣ ማሽኑ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። በዚህ መንገድ ከ10 ሰከንዷ የበለጠ ሙዚቃ ጨመቁ። ሲዘገይ ድምፁ ሻካራ ይሆናል፤ ያ ሻካራነት የዘመኑ መለያ ሆነ። እናንተ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ያለ ገደብ የምትሠሩ ልጆች፣ ያ ሻካራ ድምፅ ሲጥማችሁ ከችግር የተወለደ መሆኑን እወቁት።

እንግዲህ ማርሊ ማርል በ1988 በራሱ ስም አልበም አወጣ። በውስጡ «ዘ ሲምፎኒ» የሚል ሥራ አለ፤ አራት ራፐሮች ያለ ዝማሬ (ያለ አዝማች)፣ ያለ እረፍት ይከታተሉበታል። ከሥሩ ከኦቲስ ሬዲንግ ዘፈን የተቆረጠ ፒያኖ ይዞራል። የሚከፍተው ገና ማንም የማያውቀው ማስታ ኤስ ነው፤ ክሬግ ጂ ይከተላል፣ ኩል ጂ ራፕ ይቀጥላል፣ የሚዘጋው ቢግ ዳዲ ኬን ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ አስቡት። ኬን ቢጀምር ከሱ በኋላ የሚመጣው አዲስ ልጅ ይዋጣል፤ አድማጩም የሚጠብቀው ነገር ያጣል። ማርሊ ማርል አንድም ስንኝ አልጻፈም። አራቱ ሰዎች ግን በዚያች ፒያኖ ላይ፣ በዚያ ተራ፣ በዚያ ርዝመት ባይሰለፉ ኖሮ ዛሬም ድረስ ስለዚያ ሥራ አናወራም ነበር። ደግሶ የጠራ ሰው ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ጨዋታውን ማን እንደሚከፍት ያውቃል፤ ዲጄውም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ሳይፕረስ ሂል የተባለው የራፕ ቡድን ዲጄ መግስ በ1997፣ ፒት ሮክ በ1998፣ ጃዚ ጄፍ በ2002 የየራሳቸውን አልበም በእንግዶች ሞልተው አወጡ። ሦስቱንም ስትሰሙ ራፐሩ ይለዋወጣል፣ ቤቱ ግን አንድ ነው። የፒት ሮክን ጥሩምባ፣ የመግስን ጨለም ያለ ቤዝ ያለ ስም ትለዩታላችሁ። ዲጄ ፕሪሚየር ደግሞ ሌላ መንገድ አሳየ። ዝማሬውን በዘፋኝ አያሠራም፤ ከተለያዩ ራፐሮች የቆዩ ሥራዎች አንዳንድ ሐረግ እየቆረጠ፣ በስክራች እየገጣጠመ፣ ማንም ብቻውን ያልተናገረውን ዓረፍተ ነገር ይፈጥራል። አፉን ሳይከፍት ይናገራል። ለኔ የዲጄ ጥበብ ከፍታው እዚያ ላይ ነው።

ሌላም ዓይነት አለ፤ አልደብቃችሁም፣ አልወደውም። የታዋቂ ሰዎችን ስም መደርደር ብቻ የሆነ አልበም። ቢቱን ሌላ ሰው ሠርቶታል፣ ራፐሮቹ የመጡት ስማቸው ስለሚሸጥ ነው፣ ዲጄው መጀመሪያ ላይ ስሙን ይጮኻል፣ አለቀ። ስልክ ቁጥር ብዙ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ አልበም ሊያወጣ ይችላል። ከአዲስ አበባ አንድ ታዋቂ ሰው ባመጣ አልበሜ ይሰማል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ አንድ ሳምንት ይሰማ ይሆናል፤ የሚሰማው ግን እሱ ነው።

እኛ አገር ከዚህ የሚቀርብ ነገር ነበር፤ ኮሌክሽን። በአንድ ካሴት ላይ ብዙ ዘፋኞች፣ ብዙ ጊዜም ከኋላ አንድ ባንድ። ኮሌክሽን ብዙ ጥሩ ዘፈን ሰጥቶናል። ግን አዘጋጁ የሚያስበው ስለ እያንዳንዱ ዘፈን እንጂ ካሴቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምን እንደሚል አልነበረም። የዲጄ አልበም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዲጄ የሰለጠነው ቅደም ተከተል ላይ ነው። አንዱ ዘፈን ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ፣ ሰው መቼ እንደሚደክም፣ መቼ እንደሚነሣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያየ ሰው ነው። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ የዚህ አገር አድማጭ ከዲጄ መሣሪያ ጀርባ የመጣ ሰው ሙሉ አልበም ሊያስብ እንደሚችል አየ። እሱ የራሱን ድምፅ ጨምሮበታል፣ ሙዚቃውም ሂፕ ሆፕ አይደለም፤ በሩ ግን ተከፍቷል።

አሁን ወደ ጎጃም ልምጣ፤ የቀረኝን ጊዜ በሙሉ የምሰጠው ለዚህ ነው።

የውጭዎቹ የእኛን ሸክላ ከቆፈሩት ቆይተዋል። የአሜሪካው ራፐር ናስና የጃማይካው ሬጌ ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. አብረው ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሙላቱ አስታጥቄን «የገሌ ትዝታ» ቆርጠው አስገብተዋል። ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ ቢት ሠሪ በ2009 አንድ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቆርጦ ሠርቷል። ደስ ይላል። ግን እነሱ የሚያገኙት ታትሞ የወጣውን ነው፤ በአብዛኛውም የአዲስ አበባን የ1960ዎቹ ባንዶች። ሸክላ ላይ ያልወጣውን፣ በየሠርጉና በየአዝማሪ ቤቱ የሚሰማውን፣ እረኛው በዋሽንት የሚያንጎራጉረውን ማን ይቆርጠዋል? እዚህ የተቀመጣችሁት ካልቆረጣችሁት ማንም።

አንድ ሥራ በቅርብ ላሳያችሁ። (እዚህ ላይ ከኮምፒውተር ቀረጻ ተሰማ።) የሰማችሁት ከምሥራቅ ጎጃም አንድ አባት ሲፎክሩ ነው፤ ፈቅደውልኝ በስልክ የቀዳሁት። ፉከራ ለራፕ ምን ያህል እንደሚቀርብ ለእናንተ መንገር አይገባኝም። ስምን መጥራት፣ ዘርን መቁጠር፣ ሙያን መናገር፣ ተቀናቃኝን መናቅ፣ ሁሉም አለበት። ችግሩ ምቱ ነው። ፎካሪው በትንፋሹ ነው የሚሄደው፤ አንዱን ሐረግ ያፋጥናል፣ በአንዱ ላይ ይቆማል። የሰፈር ልጆች ይህን ሲያገኙ ሶፍትዌሩን ከፍተው በደቂቃ 90 ምት ላይ በግድ ይለጥጡታል። ሰውዬው ይሞታል። ድምፁ ይኖራል፣ ወኔው የለም። እኔ ያደረግሁት ሐረግ በሐረግ፣ ከትንፋሽ እስከ ትንፋሽ መቁረጥ ነው፤ እያንዳንዱን ሐረግ እንዳለ ትቼ ድራሙን ወደሱ አመጣሁት። አንዳንዱ ባር (አራት ምት የሚይዝ ክፍል) ላይ ኪኩ ትንሽ ይዘገያል። ይዘግይ።

አሁን ደግሞ «ዘራፍ» የምትለዋን ብቻዋን ስሟት። (ተሰማ።) ለስክራች የተፈጠረች ናት። መነሻዋ ይነዝራል፣ መሐሏ ክፍት ነው፣ መጨረሻዋ ትንፋሽ ነው። መነሻዋን ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፉት እንደ ሞተር ይንገራገራል፤ ከዚያ ስትለቁት «ራፍ» ብሎ ስኔሩ ላይ ያርፋል። ይህን ዝማሬ አድርጌዋለሁ። ራፐሩ 16 ባር ይላል፣ ሲጨርስ አባት ይመልሱለታል። ፕሪሚየር ከሸክላ ያገኘውን እኛ ከሰው አፍ እናገኘዋለን።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ከልቤ የምለው ነገር አለ። ፉከራ ከጦርነት ጋር የኖረ ነው፤ እኛም ያለንበትን ጊዜ እናውቃለን። ከሚፎከረው ውስጥ የትኛውን እንደምትቆርጡ፣ የትኛውን እንደምትተዉ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ራፐሮች በስንኝ ተፋልመው ሲያበቁ አብረው ወደ ቤታቸው እንደሚሄዱ ሁሉ የእናንተም እንግዶች በስንኝ ይፋለሙ። የሰው ደም ያለበትን ሐረግ ግን ዝማሬ አታድርጉት።

ማሲንቆው ሌላ ጣጣ አለው። እስክስታው እያንዳንዱን ምት ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ የሂፕ ሆፕ ድራም ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአራት የሚከፈል ነው። ሁለቱን ዝም ብላችሁ ብታነባብሯቸው ይጋጫሉ። ማሲንቆውን በመቆራረጥ ወደ አራት ልታመጡት ትችላላችሁ፤ ግን ያኔ የጎጃም ማሲንቆ መሆኑ ይቀርና የትም አገር ያለ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ይሆናል። የሚሻለው ኪክና ስኔሩን እንደ ልማዳቸው በየቦታቸው አስቀምጦ፣ ሃይ ሃቱን (የሚፋጩትን ሁለት ጸናጽሎች) በሦስት መክፈል ነው። ራፐሩም በሦስት በሦስት እያንደረደረ እንዲናገር ንገሩት፤ ዛሬ የትራፕ ራፐሮች አፋቸውን የፈቱበት አነጋገር ስለሆነ አይቸገርም።

ቅኝቱም አለ። አዝማሪው ጅራቱን የሚያከረው ለራሱ ድምፅ በሚመቸው ልክ ነው፤ ኪቦርዱ አያገባውም። ቀድታችሁ ስትመጡ ቤዛችሁ ላይ ትንሽ ይጎረብጣል፣ ሸርተት ያለ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ማሲንቆውን ወደ ኪቦርዱ የሚያስተካክል ሶፍትዌር አለ፤ አትንኩት። ቤዙን ወደ ማሲንቆው አምጡት። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በጆሯችሁ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ትገጥሙታላችሁ፤ ሲገጥም ክፍሉ በሙሉ ሲሞቅ ትሰሙታላችሁ። ደጋኑ ከጅራቱ ጋር ሲፋተግ የሚያሰማውን ሻካራ ድምፅም አታጽዱት።

እንግዶቹን በተመለከተ። ከሁሉ በፊት ድምፅን በድምፅነቱ ስሙት። ወፍራም ድምፅ ካለው ቀጥሎ ሌላ ወፍራም አታስከትሉ። አንዲት ቀጠን ያለ ድምፅ ያላት ራፐር በሁለት ጎርናና ድምፆች መሐል ስትገባ ያለ ምንም ቅንብር ትራኩ ይከፈታል። ሴት ራፐሮችን ለዝማሬ ብቻ መጥራትም ይቅር፤ 16 ባራቸውን ስጧቸው። ከእንጅባራ በአዊኛ የሚያወርድ ልጅ ካለ በአማርኛ በል አትበሉት። ከዳሞትም ከብቸናም የሚመጣው በቤቱ አነጋገር ይናገር፤ የአዲስ አበባን ልጅ ለመምሰል የሚጠፋ ጉልበት ከግጥሙ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ከዚያ እምቢ ማለትን ልመዱ። ይህ ከባዱ ነው፤ እንግዳ ጠርቶ ያመጣውን መመለስ በባህላችን ነውር ይመስላል። ነገር ግን ዲጄው አርታኢ ካልሆነ አልበሙ የሱ አይሆንም። ለምሳሌ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት በጣም ይቀላል። «ከቤቴ ወጣሁ መንገዱን ጀመርኩ፣ ወዳጄን አገኘሁ ታሪኬን ነገርኩ» እያለ አንድ ሰው ሳይደክም ሌሊቱን ሊያነጋ ይችላል። ቤት መትቷል፤ ግን ምንም አላለም። ግሡን ከመጨረሻው አንሡት በሉት። እንዲህ እንዲል፦

ወረድኩ ከደጀን፣ ተሻገርኩ በረሃ፣
ስሜን የጻፍክልኝ በቀለም ነው በውሃ?

እዚህ ቤት የሚመታው ስም ነው። ስንኙም ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ አይታወቅም። ይህ አገር የቅኔ ጉባኤዎቹን ዋሸራንና ዲማን ያፈራ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናውን፣ ሁለቷን ቤት ብቻ፣ ለመምህሩ ሲነግር ስንት ጊዜ እንደሚመለስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ተማሪው ሲመለስ አይቀየምም፤ ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። ያንን ትዕግሥት ከቅኔ ቤት ወደ ስቱዲዮ ብናመጣው ራፓችን የት በደረሰ።

ጠብቆና ላልቶ የሚነገረውንም አዳምጡ። ጠብቆ የሚነገር ፊደል ክብደት አለው፤ ስኔሩ እሱ ላይ ሲያርፍ ቃሉ ይመታል። ላልቶ የሚነገረው ላይ ስታሳርፉት ግን ቃሉ ይሰበራል፣ አንዳንዴም ትርጉሙ ይለወጣል። ራፐሩ ይህን ሳያውቀው በጆሮው ሊያደርገው ይችላል። ካላደረገው ዲጄው ድምፁን በጥቂት ሚሊሰከንድ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያንሸራትተው።

ስለ መብት ባልናገር ይጎድላል። አሜሪካኖቹ ለረጅም ጊዜ ሳይጠይቁ ሲቆርጡ ኖረው በ1991 አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በራፐሩ ቢዝ ማርኪ ጉዳይ ከፈረደ በኋላ ነገሩ ተለወጠ፤ የሳምፕል ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ሆነ፣ ዋጋውም ናረ፣ በደርዘን ሳምፕል የሚሠራ አልበም ከዚያ ወዲህ ብርቅ ሆነ። እኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። «ተዛማጅ» የሚለው ከዋኙንም ይጨምራል። ማሲንቆውን የተጫወተላችሁ አዝማሪ፣ ዜማው የሕዝብ ቢሆንም፣ አጨዋወቱ የሱ ነው። ብር ሰጥቼዋለሁ ብቻ አይበቃም። ስሙን ጻፉ፣ አንድ ገጽ ስምምነት አዘጋጁ፣ ማንበብ ካልቻለ የሚያምነው ሰው ያንብብለት። ለእንግዳ ራፐሮቻችሁም እንዲሁ፤ አልበሙ ከተሸጠ ድርሻቸው ስንት እንደሆነ፣ ቪዲዮ ላይ ይገኙ እንደሆነ፣ ስንኙን በራሳቸው ኮንሰርት ላይ ቢያቀርቡት ትቃወሙ እንደሆነ ከቀረጻ በፊት ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር ዘፈኑ እስኪሰማ ድረስ ይሠራል፤ ከተሰማ በኋላ ጓደኛሞች ሲጣሉ ብዙ አይቻለሁ።

ቢት ለምትሸጡትም ይኸው ነው። ስትሸጡ ስማችሁ የት እንደሚጻፍ አብራችሁ ተደራደሩ። ደግሞም ሁሉንም አትሽጡ። ስትሰሟቸው እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቢቶች አስቀሩ። የአልበማችሁ መነሻ እነሱ ናቸው። እንግዳ የምትፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቢቱን ሰምታችሁ ይህ የማን ነው ብላችሁ እየጠየቃችሁ። በቴሌግራም ለሃያ ሰው በትናችሁ ቀድሞ የመለሰውን አትውሰዱ። አንድ ቢት ለአንድ ሰው ላኩ፤ ለምን እሱን እንደመረጣችሁት በሁለት መስመር ጻፉለት። ራፐር ለሱ ተብሎ የተሠራ ነገር ሲደርሰው አጻጻፉ ይለወጣል።

የመጨረሻው፣ ሰው ሁሉ የሚከራከረኝ ነጥብ ነው። በአልበሙ ውስጥ ቢያንስ አንድ ትራክ ያለ እንግዳ ይሁን። አድማጩ ይዘለዋል ይሉኛል። የሚዘል ይዝለል። ቢት ሠሪው ጄ ዲላ በ2006 እ.ኤ.አ. ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት የወጣው አልበሙ ከዳር እስከ ዳር ራፐር የለበትም፤ ዛሬም ድረስ ቢት ሠሪዎች እየሰሙ ይማሩበታል። በዚያ ትራክ ላይ የምትጠለሉበት ራፐር የለም። ዋሽንት ይሁን፣ ማሲንቆ ይሁን፣ የአባት ፉከራ ይሁን፣ የሰበሰባችሁትን አውጥታችሁ በሁለት እጃችሁ ብቻ ተናገሩ። ቦታውን መሐል ላይ አድርጉት፤ መጀመሪያ ከሆነ መግቢያ ነው ተብሎ ይታለፋል፣ መጨረሻ ከሆነም ሰው ሳይደርስበት ይቀራል። ከበፊቱ ኃይለኛው እንግዳ ይሁን፣ ከኋላው ደግሞ ገና ያልታወቀው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ኮምፒውተር ይዛችሁ የመጣችሁ ቢቶቻችሁን አዘጋጁ፤ ከጥያቄው በኋላ እዚሁ ተቀምጠን አንድ በአንድ እንሰማቸዋለን።